የፍሪሲዮን ፔዳል ሲላላ፦ የፓስካል ሕግ በአሮጌ መኪና ውስጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎችን ይዘን ለመስክ ጉብኝት ወደ ጎጃም ስንጓዝ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን የደጀንን አቀበት እንደ ጀመርን የመኪናችን የፍሪሲዮን ፔዳል ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ ማርሽም አልገባ አለ። ሾፌራችን የእጅ ፍሬኑን ይዞ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፈ። ፔዳሉን ደጋግሞ ከረገጠ በኋላ ማርሹ ገባለትና እንደ ምንም ደጀን ደረስን። እዚያ ያገኘነው መካኒክ የላይኛውን ፖምፓ ለወጠልንና ጉዟችንን ቀጠልን። ሆኖም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያችው መኪና በታችኛው ፖምፓ ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ ዳግም ቆመች።

ከውጭ አገር ዶክትሬት ይዤ የተመለስሁ የፊዚክስ መምህር ብሆንም፣ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ለምን እንደ ረዳን በዚያ አቀበት ላይ ለጠየቁኝ ተማሪዎች ወዲያው ማስረዳት አልቻልሁም ነበር። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕዳ ለመክፈል የተዘጋጀ ነው።

ፍሪሲዮን ምን ይሠራል?

እንደሚታወቀው ሞተሩ እየዞረ ማርሽ ለመለወጥ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ግንኙነት ለአፍታ መቋረጥ ይኖርበታል። ይህ የፍሪሲዮን ተግባር ነው። በተለመደው ጊዜ የፍሪሲዮኑ ዲስክ በጠንካራ ሞላ ተገፍቶ ከቮላኖው ጋር ስለሚጣበቅ፣ በመካከላቸው ያለው ሰበቃ የሞተሩን ሽክርክሪት ወደ ካምቢዮው ያስተላልፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ግን የሞላው ኃይል ከዲስኩ ላይ ይነሣና ግንኙነቱ ይቋረጣል።

የእግርን ኃይል እስከ ፍሪሲዮኑ ለማድረስ ሁለት መንገዶች የተለመዱ ናቸው። በቮልስዋገን ቢትል፣ በተለምዶ «ቮልስ» በምንላት መኪና፣ ኃይሉን የሚያደርሰው የብረት ገመድ ነው። እንደ ላንድክሩዘር ባሉት መኪኖች ግን ሥራው የፈሳሽ ነው። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የላይኛው ፖምፓ፣ ከካምቢዮው ጎን ያለው ደግሞ የታችኛው ፖምፓ ይባላል። ሁለቱን በፍሬን ዘይት የተሞላ ቀጭን ቱቦ ያገናኛቸዋል። እያንዳንዳቸው ሲሊንደር፣ ፒስተንና ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክል ጎሚኒ አላቸው።

የፓስካል ሕግ በቁጥር

ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል (እ.ኤ.አ. 1623–1662) እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ሾፌሩ ፔዳሉን በ100 ኒውተን ኃይል 120 ሚሊ ሜትር ያህል ረገጠው እንበል። ፔዳሉ ራሱ ማንሻ ስለሆነ ኃይሉን 6 ጊዜ ያበዛል፤ ርቀቱን ግን ለ6 ያካፍላል። ስለዚህ የላይኛው ፒስተን በ600 ኒውተን ኃይል 20 ሚሊ ሜትር ይገፋል። የፒስተኑ ዲያሜትር 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 201 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ግፊቱም ወደ 3 ሜጋ ፓስካል ይጠጋል፤ ይህም በባሕር ጠለል ላይ ካለው የከባቢ አየር ግፊት 30 እጥፍ ያህል ነው።

ይኸው ግፊት ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱም 314 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነው የታችኛው ፒስተን ላይ ሲያርፍ 940 ኒውተን ገደማ ኃይል ይሰጣል። ታዲያ ከ100 ኒውተን 940 ኒውተን ማግኘት ነጻ ትርፍ ነውን? አይደለም። ከላይ የተገፋው ዘይት 4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ስለሆነ የታችኛው ፒስተን የሚሄደው 12.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሥራ ማለት ኃይል በርቀት ሲባዛ ነውና፣ ኃይሉ ቋሚ ነው ብለን ሰበቃን ብንተው በእግር በኩል 12 ጁል ገብቶ በታች በኩል 12 ጁል ይወጣል። በኃይል ያተረፍነውን በርቀት ከፍለናል።

የአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር ዋጋ

ይህ ስሌት የሚሠራው በቱቦው ውስጥ ያለው ነገር እስካልታመቀ ድረስ ነው። የፍሬን ዘይት በ3 ሜጋ ፓስካል ግፊት ከይዘቱ የሚቀንሰው ከሺህ ሁለት እጅ ያህል ነው። አየር ግን እንዲህ አይደለም። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ የሙቀት መጠኑ እስካልተለወጠ ድረስ የአየር ግፊት በጨመረ መጠን ይዘቱ በዚያው ልክ ያንሳል። በከባቢው ግፊት ላይ የእግራችን ሲጨመርበት ጠቅላላው ወደ 31 እጥፍ ስለሚያድግ፣ በቱቦው ውስጥ የነበረ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1/31ኛ ይታመቃል።

ውጤቱን ልብ በሉ፦ ከተገፋው 4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት አንዱ ያህል አየሩን በማመቅ ብቻ ያልቃል። የታችኛው ፒስተን ጉዞም ከ12.8 ወደ 9.7 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ፍሪሲዮኑ ለመላቀቅ 11 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ከሆነ ማርሹ እየጮኸ ይገባል፤ ወይም ጨርሶ አይገባም። ያረጀ ጎሚኒም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ዘይቱ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ በጎሚኒው ጎን ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳልና።

ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ የረዳንም በዚህ ምክንያት ነው። ፔዳሉ በፍጥነት ሲለቀቅ የላይኛው ፖምፓ ከማጠራቀሚያው ተጨማሪ ዘይት ይስባል፤ ቀጣዩ እርግጫ ይህን በነበረው ላይ ይጨምረዋል። ፈጣን እርግጫ ደግሞ ዘይቱ የሚሾልክበትን ጊዜ ያሳጥራል። ይህ ግን እስከ ጋራዥ የሚያደርስ ዘዴ እንጂ ጥገና አይደለም።

የትኛው ፖምፓ ነው ያረጀው?

ዘይት በሾፌሩ እግር አካባቢ ከታየ የላይኛው፣ በካምቢዮው ጎን ከታየ የታችኛው ፖምፓ ይጠረጠራል። ከውጭ ምንም ሳይፈስ፣ ተረግጦ የተያዘው ፔዳል ቀስ በቀስ ከሰመጠ ዘይቱ በላይኛው ፖምፓ ውስጥ እየሾለከ መሆኑን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ በአሮጌ መኪና ላይ ሁለቱን አብሮ መለወጥ ይመረጣል። ጎሚኒዎቻቸው በአንድ ዘመን የተገጠሙና በአንድ ዘይት ውስጥ የኖሩ ናቸው። የላይኛው ሲደክም ሙሉ ግፊት ስለማይደርስ የታችኛው ድካም ተሸፍኖ ይቆያል። የላይኛው ሲታደስ ግን ሙሉ ግፊትና ሙሉ ጉዞ ይመለሳሉ፤ የታችኛው ፒስተንም ለብዙ ጊዜ ወዳልደረሰበትና ዝገት ወደ ያዘው የሲሊንደር ክፍል ሊሄድ ይችላል። የእኛ መኪና ዳግም የቆመችው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ለውጡና አየር ማስወጣቱ

መኪናው በሜዳ ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹም ይታገዳሉ። በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። አሮጌው ዘይት ይቀዳል፤ ቱቦው ይፈታል፤ አሮጌዎቹ ፖምፓዎች ወርደው አዲሶቹ ይታሰራሉ። በፔዳሉ ዘንግና በላይኛው ፒስተን መካከል ጥቂት ክፍተት መተው አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት ቀዳዳ ተዘግቶ ይቀርና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል።

አየሩን ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው በታችኛው ፖምፓ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቦሎን ይከፍትና አረፋው ከወጣ በኋላ ይዘጋል። ፔዳሉ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተሳተ የውስጡ ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋ በዘይት ውስጥ ወደ ላይ ስለሚወጣም ማስወጫው ከሲሊንደሩ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር እንጨምር። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍላት ነጥቡ ከ205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማነስ የለበትም። ከአየር እርጥበት ስቦ 3.7 በመቶ ውኃ ሲይዝ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል፤ ውኃው ሲሊንደሩንም ያዝጋል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ዘይት አይጨመርም። የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ከዚህ የከፋ ስሕተት ነው፤ ለፍሬን ዘይት የተሠራው ጎሚኒ በሞተር ዘይት አብጦ ይበላሻልና።

ራሳችሁ ሞክሩት

መርፌያቸው የተነሣ ባለ 5 እና ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሁለት ሲሪንጆችን ውኃ ሞልታችሁ በቀጭን ቱቦ አገናኙ። ትንሹን እየገፋችሁ ትልቁን በሌላው እጃችሁ ለመከልከል ሞክሩ። ከዚያም 1 ሚሊ ሊትር አየር አስገብታችሁ ድገሙት፤ የላላ ፔዳል ምን እንደሚመስል እጃችሁ ይነግራችኋል።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ። የመለዋወጫ ነጋዴ በ20 ሚሊ ሜትሩ የታችኛ ፖምፓ ፈንታ ባለ 22 ሚሊ ሜትር አቅርቦ «ይህ ፔዳሉን ያቀልላችኋል» ቢላችሁ እውነቱን ነው። ነገር ግን ፍሪሲዮኑ ለመላቀቅ 11 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ትገዙታላችሁን? ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስሉ።