ሲቆሙ የሚነሣ፣ ሲተኙ የሚተው ራስ ምታት

ራስ ምታት ሁሉ አንድ አይደለም። ምች ነው ብለን ዳማ ከሴ የምናሸተው አለ። ፀሐይ ላይ ስንሠራ ውለን የሚይዘንም አለ። ዛሬ የምንማረው ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ቀና ሲል ራሱን ይፈልጠዋል፤ ጋደም ሲል ይተወዋል። መለያው ይኸ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንጎላችን በራስ ቅላችን ውስጥ ደረቁን አልተቀመጠም። እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከቦታል። የእንቁላል አስኳል በነጩ ተደግፎ እንደሚቀመጥ ማለት ነው። ፈሳሹ በጀርባ አጥንታችን ውስጥ እስከ ወገብ ይወርዳል። የሚይዘውም ስስ ሽፋን ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ፈሳሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በቡና ሲኒ ቢለካ ሁለት ሲኒ ቢሆን ነው። ሽፋኑ ከተበሳ፣ እሾህ እንደ ወጋው የውኃ ስልቻ ያንጠባጥባል። ፈሳሹ ሲያንስ አንጎል ድጋፍ ያጣል። ስንቆም ወደ ታች ይጎተታል፤ ያን ጊዜ ያማል።

ሽፋኑን ምን ይበሳዋል? አልፎ አልፎ በራሱ ይቀደዳል። ብዙ ጊዜ ግን የወገብ መርፌ ነው። እናት በኦፕራሲዮን ስትወልድ ለማደንዘዣ ትወጋለች። ማጅራት ገትር የተጠረጠረ ሰውም ፈሳሹ እንዲመረመር ይወጋል። ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 የወገብ ማደንዘዣን በራሱ ገላ ላይ ሲያስሞክር ፈሳሹ ፈሰሰበት። ይኸው ራስ ምታት ይዞት ተኝቶ ሰነበተ፤ ኋላም ዳነ።

የወገብ መርፌ ሽባ ያደርጋል እየተባለ ይወራል። ወሬውን ሰምተው የታመመ ልጃቸውን አናስወጋም የሚሉ ወላጆች አሉ። ይኸ ያሳዝነናል። ራስ ምታቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። ማጅራት ገትር ግን ካልታከመ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

አራስ ይኸ ሕመም ሲይዛት ምች መታት ብሎ ማጠን ወይም ዋግምት አይረዳትም። ጋደም ትበል፤ ልጇንም ጋደም ብላ ታጥባ። ውኃና አጥሚት ትጠጣ። ቡናም አንዳንዱን ሰው ያስታግሳል። ለጤና ባለሙያው «ስቀመጥ ያመኛል፣ ስተኛ ይተወኛል» ብላ ትንገር። ይህች ቃል ለሐኪም ብዙ ትረዳዋለች። ሕመሙ ከበረታ፣ ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል ከክንዷ ጥቂት ደም ተቀድቶ ወገቧ ላይ፣ ቀዳዳው አጠገብ ይሰጣታል። ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። መርፌ ሳይወጋ እንዲህ ያለ ራስ ምታት የጀመረውም ሰው ሐኪም ይየው።

ትኩሳት ካለ፣ አንገት አልታጠፍ ካለ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ሰውነት ከተንዘፈዘፈ ወይም ራስ ምታቱ ተኝተውም ካልተወ ግን ቤት መተኛት የለም። ሌሊትም ቢሆን በሽተኛው በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።