ከሾኔ እስከ ሎኬሽን፦ በጉልምስና ዙሉኛ ለሚማሩ

ከሾኔ፣ ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ የሚገባ ሰው ስለ ቋንቋ ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ለእንግሊዝኛው ነው። ኑሮው የሚጀምረው ግን ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ውስጥ ነው። ስፓዛ በሚባለው ትንሽ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ቢቆምም፣ መጋረጃና አልጋ ልብስ ተሸክሞ ቤት ለቤት በዱቤ ቢሸጥም፣ ወደ እሱ የሚመጡት እናቶች፣ አዛውንቶችና ልጆች የሚያናግሩት በሰፈራቸው ቋንቋ ነው። በደርባን፣ በጆሃንስበርግም ዙሪያ ባሉ ብዙ ሰፈሮች ይህ ቋንቋ ዙሉኛ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን የዕቃ ስምና የዋጋ ቃል ቶሎ ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት እዚያው ይቆማሉ። ዳቦ ይሸጣሉ፣ መልስ ይቆጥራሉ፤ የጎረቤት እናት ስትሞት ግን የማጽናኛ ቃል ያጣሉ። ይህ መመሪያ ከዚያ ደረጃ እንዲያልፉ ለመርዳት የተጻፈ ነው። የሾኔ ሰው ቋንቋን በገበያና በጉርብትና መማር ያውቅበታል፤ የሚቀረው ያንኑ ችሎታ በዕቅድ መጠቀም ነው።

የሰፈርዎን ቋንቋ ይለዩ

የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጸድቅ ለ11 የሥራ ቋንቋዎች ዕውቅና ሰጠ፤ በ2023 የምልክት ቋንቋ ተጨምሮ 12 ሆኑ። በ2022ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከአገሩ ሰው ሩብ የሚጠጋው ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ዙሉኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኮሳኛ ይከተለዋል። ምሥራቅ ኬፕ የገባ ሰው ኮሳኛ፣ ፍሪ ስቴት የገባ ሶቶኛ፣ ሩስተንበርግ የገባ ጽዋናኛ፣ ፖሎክዋኔ የገባ ደግሞ ሴፔዲ ያስፈልገዋል። በምዕራብ ኬፕ አፍሪካንስና ኮሳኛ ይበዛሉ።

ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ደንበኛዎ የሚናገረውን አንዱን ይያዙ። ዙሉ፣ ኮሳ፣ ስዋቲና ንዴቤሌ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን በደንብ የያዘ ሰው ሌላውን ለመስማት ብዙ አይቸገርም። ሶቶ፣ ጽዋናና ፔዲም እንዲሁ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ከተማ ቢቀይሩም ልፋትዎ ከንቱ አይቀርም።

እንግሊዝኛን ግን አይተዉ። የሆም አፌርስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብና የኪራይ ውል የሚያልቁት በእንግሊዝኛ ነው። ፋናጋሎ ከሚባለው ደግሞ ይራቁ። ፋናጋሎ ከዙሉ፣ ከእንግሊዝኛና ከአፍሪካንስ ተቀላቅሎ በማዕድን ማውጫዎች ሠራተኛ ሲታዘዝበት የኖረ አነጋገር ነው። ቀላል መስሎ ቢታይም ብዙ ሰው እንደ ንቀት ስለሚቆጥረው ወዳጅ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ዕድሜዎ አላለፈም

ሾኔ ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ የሚገናኙበት አካባቢ ነው። እዚያ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ አንዱን ቋንቋ ከእናቱ፣ ሌላውን ከጎረቤት፣ ሦስተኛውን ከትምህርት ቤት ወስዷል። አዲስ ቋንቋ መያዝ ለእርስዎ አዲስ ሥራ አይደለም።

ጊዜ እንደሚወስድ ግን ይወቁት። የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽ እንዲይዝ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ሲመድብ ለዙሉኛ ወደ 1,100 ሰዓት ይመድባል። አማርኛንም የሚያስቀምጠው ከዙሉኛ ጋር በአንድ ምድብ ነው። ቁጥሩ የወጣው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆነ በልኩ የእርስዎ አይደለም፤ የሥራውን መጠን ግን ያሳያል። በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚሰጥ ሰው ያንን ያህል የሚሞላው በሦስት ዓመት ገደማ ነው። በስድስተኛው ወር ገና መንተባተብዎ የደካማነት ምልክት አይደለም።

ልጆች በአነጋገር ዜማ ይበልጡናል። ትልቅ ሰው ደግሞ የቋንቋውን ሕግ ሲነግሩት ቶሎ ይረዳል፤ የሚፈልገውን ቃልም ራሱ መርጦ ይይዛል። ይህን ጥቅምዎን ይሥሩበት።

ጆሮዎንና አፍዎን ያዘጋጁ

ዙሉኛ አምስት አናባቢዎች ብቻ አሉት፦ አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። የአማርኛው ግዕዝና ሳድስ ድምፅ የለውም። ሀዲይኛና ከምባትኛም አምስት አናባቢ ስላላቸው፣ ከቤት ይዘውት የመጡት አነጋገር እዚህ ከአማርኛው ይበልጥ ያግዝዎታል። ከመጨረሻው ክፍለ ቃል በፊት ያለው ረዘም ተደርጎ ይነገራል፤ “ንጊያቦንጋ” (አመሰግናለሁ) ሲሉ “ቦ” ላይ ቆየት ይበሉ።

በትንፋሽ የሚወጣውና ተቆርጦ የሚወጣው “ተ” በዙሉኛ የተለያዩ ናቸው፤ ተቆርጦ የሚወጣው ወደ እኛ “ጠ” ይጠጋል። “ተ”ንና “ጠ”ን እየለየን ላደግን ሰዎች ይህን መስማት አይከብደንም።

አዲስ የሚሆኑብን ሦስቱ የምላስ ድምፆች ናቸው። አንዱ ምላስን ከፊት ጥርስ ጀርባ አጣብቆ በመሳብ፣ ሁለተኛው ከላንቃ ላይ በኃይል በማላቀቅ፣ ሦስተኛው በመንጋጋ ጥርስ በኩል በጎን በመሳብ ይወጣሉ። በጽሑፍ በላቲኖቹ ሲ፣ ኪውና ኤክስ ፊደላት ይወከላሉ። በአንድ ሳምንት አይመጡም፤ የሱቅዎን ደንበኛ ልጆች ይጠይቁ፣ በደስታ ያስተምሩዎታል። እስኪመጡ ድረስ ግን ዝም አይበሉ፤ ድምፁ ቢበላሽም አብዛኛው ሰው ይረዳዎታል።

ሰላምታ ከዋጋ ይቅደም

በእኛ አገር ሰላም ሳይባል ወደ ጉዳይ አይገባም፤ በዙሉ ዘንድም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሰው “ሳዉቦና”፣ ለብዙ ሰው “ሳኒቦናኒ” ይባላል፤ መልሱ “ዬቦ” ነው። “ኡንጃኒ?” ደኅንነትን መጠየቅ ሲሆን “ንጊያፒላ” ደኅና ነኝ ማለት ነው። በብዙ ቁጥር “ኒንጃኒ?” ሲሉ ቤተሰቡንም አብረው ስለሚጠይቁ አክብሮት አለው። ሲለያዩ የሚቀረው ሰው “ሃምባ ካህሌ”፣ የሚሄደው “ሳላ ካህሌ” ይላል።

ትልቅ ሰውን በባዶ ስሙ አይጥሩ። አባት የሚሆንዎትን “ባባ”፣ እናት የምትሆንዎትን “ማማ”፣ ሴት አያትን “ጎጎ”፣ ወንድ አያትን “ምኩሉ”፣ ወንድ እኩያዎን “ቡቲ”፣ ሴት እኩያዎን “ሲሲ” ይበሉ። ሲሰጡና ሲቀበሉ በሁለት እጅ፣ ወይም ቀኝዎን በግራ ደግፈው ያድርጉት። ይህን ከቤትዎ ያውቁታል፤ ሥራ በዛ ብለው አይተዉት።

ከባንኮኒው ቋንቋ ይውጡ

የሱቅ ቃላት ሠላሳ አርባ ቢሆኑ ነው። ከዚያ ለማለፍ ግሡን መክፈት ያስፈልጋል፤ ዙሉኛም እዚህ ላይ ለተማሪ ይመቻል። “ፉንዳ” መማር ነው። “ንጊያፉንዳ” እማራለሁ፣ “ሲያፉንዳ” እንማራለን፣ “ባያፉንዳ” ይማራሉ። ፉንዳን አንስተው “ሃምባ” (መሄድ)፣ “ሴቤንዛ” (መሥራት) ወይም “ኩሉማ” (መናገር) ቢያስገቡ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይወጣልዎታል። “ኢሳ” ሲጨመር ፉንዳ “ፉንዲሳ” (ማስተማር) ይሆናል፤ “ቴንጋ” (መግዛት) ደግሞ “ቴንጊሳ” (መሸጥ)። “ንጊፉና” እፈልጋለሁ ሲሆን “አንጊፉኒ” አልፈልግም ነው።

ስም ሲማሩ ከብዙ ቁጥሩ ጋር ይያዙት፤ ዙሉኛ ለውጡን የሚያሳየው በቃሉ መነሻ ላይ ነው። “ኡሙንቱ” ሰው፣ “አባንቱ” ሰዎች ነው፤ መነሻው ግሡንም ይመራል፦ “አባንቱ ባያኩሉማ”፣ ሰዎች ይናገራሉ። በቁጥር ላይ ግን ወራት አያጥፉ። ሎኬሽን ውስጥ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ቁጥር ነው። የአራዳውን ስም ማወቁ ግን ይጠቅማል፤ 10 ራንድ “ታይገር”፣ 100 ራንድ “ኪሊፓ” ሲባል ይሰማሉ።

ወሬ እንዳይቋረጥ የሚያደርጉትን እነዚህን በቃልዎ ይያዙ፦

“ንጊያፉንዳ ኢሲዙሉ” ዙሉኛ እየተማርኩ ነው።
“ዪኒ ሎኩ?” ይህ ምንድን ነው?
“አንጊዝዋ” አልሰማሁም።
“ንጊጼላ ኡፒንዴ” እባክዎ ይድገሙልኝ። (“ጼ” ባለችበት ቦታ የመጀመሪያው የምላስ ድምፅ ይገባል።)
“አባንትዋና ባንጃኒ?” ልጆች እንዴት ናቸው?

ከዚያ ሱቁ ጭር በሚልበት ሰዓት የሚመጡ አንዲት እናት ወይም አንድ አዛውንት ይምረጡ። በየቀኑ ስለ ዕቃ ያልሆነ አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው። በየሳምንቱ አንድ ርዕስ ይያዙ፦ ዝናብ፣ ልጆች፣ ሕመም፣ እግር ኳስ፣ ለቅሶ። የሰሙትን በግዕዝ ፊደል ይጻፉ፤ የዕለቱን ማታ፣ በማግሥቱ፣ ከዚያም በሳምንቱ መልሰው ያንብቡት። መርሳት ከሚቀድም መከለስ ይቅደም። ለቅሶ ሲሄዱ የሚባለውን ከወዲሁ ያጥኑ፤ “አክዌህላንጋ ሉንጌህላንጋ” ይባላል፣ በሌላው ላይ ያልደረሰ በእናንተ አልደረሰም እንደማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሙዚቃው ቀርቶ ሬዲዮ ይከፈት። ለዙሉኛ ኡኮዚ ኤፍ ኤም፣ ለኮሳኛ ኡምህሎቦ ዌኔኔ፣ ለሶቶኛ ሌሴዲ አሉ። ማታ “ኡዛሎ” የተባለውን ድራማ ማየት ይቻላል፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስላለው ሁለቱን ቋንቋ አብሮ ያስይዛል። ስልክዎ ላይ ደግሞ ዱዎሊንጎ በእንግሊዝኛ በኩል የዙሉኛ ትምህርት አለው። ለአማኞች ሌላም መንገድ አለ፦ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በዙሉኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። በቃልዎ የሚያውቁትን መዝሙረ ዳዊት 23ን በዙሉኛ ቢያነቡ ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ሳይፈልጉ ያገኙታል። የሐበሻውን ኅብረት ሳይተዉ በወር አንድ እሑድ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን ይካፈሉ።

ከአገር ቤት ለመጣች ሚስት

ለባሏ ስትል ከሆሳዕና ወይም ከሾኔ የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ ከቤትና ከሱቅ አትወጣም፤ ቋንቋውን ለመማር የሚመቻት ሰውም አታገኝም። የነፍሰ ጡር ክትትልና የልጅ ክትባት ግን የሚጠይቁት እሷን ነው። ባል ሆይ፣ ለባለቤትዎ በሳምንት የተወሰነ ነፃ ሰዓት ይስጧት፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ትቀመጥ። ልጃችሁ ቋንቋውን ቢያውቅም ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ አታድርጉት። የእናቱን ሕመም ልጅ ሊሸከመው አይገባም፤ ቃልም ሊያሳስት ይችላል።

የራስዎ ዙሉኛ የማይበቃበት ቦታ

ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት የቋንቋ መለማመጃ አይደሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የተከሰሰ ሰው በሚገባው ቋንቋ የመዳኘት፣ ያ ካልተቻለ የማስተርጎም መብት ይሰጠዋል። ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ለፖሊስ 10111፣ ለአምቡላንስ 10177 ይደውሉ፤ ከሞባይል 112ም ይሠራል። አድራሻዎን በእንግሊዝኛም በሰፈሩ ቋንቋም አጥርተው መናገር ከመጀመሪያው ሳምንት ይልመዱ።

አንድ እውነት መደበቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በጆሃንስበርግ ካለው የአሌክሳንድራ ሰፈር በተነሳው የውጭ ዜጎች ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አጥቂዎች ሰውን ለመለየት የዙሉኛ ቃል የጠየቁበት ጊዜም ነበር። ቋንቋ ማወቅ ከጥይትና ከዘረፋ ያድናል ብሎ ማንም አይንገርዎት። በስምዎ የሚያውቅዎት፣ ቤቱ ገብተው ለቅሶ የደረሱት ጎረቤት ግን አደጋ ሲመጣ ቀድሞ ሊነግርዎት የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሚገኘው በቋንቋው ነው።

ገና ሾኔ ያሉ ከሆነም ይጀምሩ። ደቡብ አፍሪካ ኖረው የተመለሱ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ሰላምታውን፣ የግሡን አከፋፈትና የምላስ ድምፆቹን ከእነሱ ይውሰዱ። እዚያ ከገቡ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ራስዎን በአንድ ነገር ይመዝኑ፦ ስለ ሸቀጥና ስለ ገንዘብ ሳያነሱ ከአንድ ጎረቤት ጋር ሩብ ሰዓት መጨዋወት ይችላሉ? ከቻሉ ወደ ረዘመ ወሬ ይለፉ፤ ካልቻሉ ጥያቄዎን ጨምረው ነገ ጠዋት ይቀጥሉ።