ቆይ፣ ገና አትስማሚ

ቆይ ቆይ፣ እዚያች ሳጥን ውስጥ ምልክት አታድርጊ። የምትለው እኮ «ጽሑፌ ተቀባይነት ካገኘ የኅትመት ክፍያውን ለመክፈል ተስማምቻለሁ» ነው። አነበብሻት? አላነበብሻትም። ጠጋ በይልኝ እስቲ።

ድሮ ከፋዩ አንባቢው ወይም ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ኦፕን አክሰስ ሲመጣ አንባቢው በነጻ ማንበብ ቻለ፤ ብዙ አሳታሚዎች ግን ሂሳቡን ወደ ጸሐፊው አዞሩት። ኤፒሲ የሚሉት ይሄንን ነው። ገምጋሚዎቹ ከዚያ ላይ ይደርሳቸዋል ብለሽ እንዳታስቢ፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት በነጻ ነው። ብዙ ያስከፈለ ሁሉ የተሻለ ገመገመ ማለትም አይደለም። የስም ዋጋም አለበት። ኔቸር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ያሳወቀው ክፍያ ለአንድ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ ነበር። የስንት ዓመት ደሞዝሽ እንደሚሆን አንቺው አስቢው። ደግሞስ ዶላሩን ከየትኛው ባንክ ልታገኚ ነው?

አሁን ይሄ የመረጥሽው ጆርናል ሃይብሪድ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍሽን ያለ ኤፒሲ ያወጣልሻል፣ አንባቢው ግን ከፍሎ ያነበዋል። «ለሁሉም ክፍት ይሁን» ስትዪ ነው ሂሳቡ የሚመጣው። ስለዚህ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን ምረጪና ከግምገማ ያለፈውን፣ አሳታሚው ገና ያላቀናበረውን ቅጂ በዩኒቨርሲቲሽ ሪፖዚተሪ ወይም ናድሬ በሚባለው የአገራችን ሪፖዚተሪ ላይ አስቀምጪ። አንዳንድ አሳታሚ ከ6 እስከ 24 ወር ታገሺ ይልሻል፤ ደንቡን አይተሽ ነው።

ያ ሁለተኛ ምርጫዬ ያልሽው ግን ሙሉ በሙሉ ኦፕን አክሰስ ነው፤ እሱን ካልሽ ዌቨር፣ ማለትም ክፍያውን እንዲተዉልሽ፣ ጠይቂ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ፕሮግራም አገሮችን ምድብ ኤ እና ምድብ ቢ ብሎ ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ ያለችው ኤ ውስጥ ነው። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ያንን ዝርዝር ተከትለው ለኤ ሙሉውን፣ ለቢ ግማሹን ይተዋሉ። ሃይብሪዶቹ ብዙውን ጊዜ በዚህ አይካተቱም። ጥያቄው ደግሞ የሚቀርበው አሁን፣ ሰብሚት ስታደርጊ ነው። አክሰፕት ከሆነ በኋላ ብትለምኚ ብዙዎቹ አይሰሙሽም።

«ድህነቴን ማወጅ አይሆንም?» ትያለሽ አይደል? ይሉኝታሽን ለሠርግ ቤት አቆዪው። ጥናቱ ለኅትመት የተያዘ በጀት የለውም፣ መሥሪያ ቤቴም አይሸፍንም ብለሽ ሁለት መስመር ትጽፊያለሽ፣ አለቀ።

ደግሞ ያንን ጀርመን ያለ ጓደኛሽን ኮረስፖንዲንግ ኦተር፣ ማለትም ከአሳታሚው ጋር የሚጻጻፈው ጸሐፊ፣ ልታደርጊው ነው አሉ። ለምን? «ስሙ ይረዳናል» ከሆነ ተዪው፤ ብዙ አሳታሚዎች አገሩን የሚያዩት በዚያ ሰው ነውና ዌቨሩ ሊያመልጥሽ ይችላል። አንዳንዶቹማ ሁሉም ጸሐፊዎች ከምድቡ አገሮች ካልሆኑ አይሆንም ይላሉ። ነገሩ የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። ጀርመኖች ፕሮጀክት ዲል በሚሉት ስምምነት ከዋይሊ፣ ከስፕሪንገር ኔቸርና ከኤልሰቪየር ጋር ውል አላቸው፤ የሱ ዩኒቨርሲቲ በውሉ ውስጥ ካለ ሃይብሪዱንም ጭምር ሊሸፍንለት ይችላል። ግን ሥራውን በእርግጥ የመራው እሱ ከሆነ ብቻ። ለገንዘብ ብለሽ የራስሽን ቦታ ለሰው ብትሰጪ እኔ ነኝ የምቆጣሽ።

ከዚያ ያ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የጻፈልሽ ኢሜይል አለ። ገና ሌክቸረር ነሽ እኮ! በሦስት ቀን ገምግመን እናወጣለን፣ 99 ዶላር ብቻ ይላል። ርካሽነቱ እንዳያታልልሽ። ኦሚክስ የተባለውን የሕንድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈርዶበታል፤ ያልተደረገ ግምገማ ተደርጓል ማለትና ክፍያን ደብቆ ቆይቶ ማምጣት ከክሱ ውስጥ ነበሩ። እንዲህ ያሉት ጽሑፌን መልሱልኝ ስትያቸው የማውጫ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ካተሙት በኋላማ ደህና ጆርናል አይቀበልሽም፤ አንድ ሥራ ሁለት ቦታ አይታተምም። ለዕድገት ስታቀርቢውም ኮሚቴው ሊጥለው ይችላል።

ጆርናል ከቸገረሽ ዲኦኤጄ የሚባለውን መዝገብ ክፈቺ። ጸሐፊውን የማያስከፍሉትን ብቻ ለይቶ የሚያወጣልሽ ማጣሪያ አለው፤ ከተመዘገቡት አብዛኞቹም እንደዚያ ናቸው። የኛ አገር ጆርናሎችንም አትናቂ።

በይ አሁን ወደ ኋላ ተመለሽና የክፍያውን ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ዌቨሩን ጠይቀሽ ከፈቀዱልሽ የመልሱን ኢሜይል እንዳታጠፊው። ከወራት በኋላ በስህተት ኢንቮይስ ቢልኩብሽ የምትልኪላቸው እሱን ነው።