ቀስቱን በቁጥሩ ጥሪው

ልጄ፣ የማሾ ዋጋና የመኪና መስመር የሚያሳየውን ገጽሽን አየሁት። ለካራቆሬ ነጋዴ የሚጠቅም ሥራ ነው፤ በርቺ። ቀስቶቹ ላይ ግን የምነግርሽ አለኝ።

፩. ቀስትን በሥዕል አትለጥፊ። ቀስት እንደ «ሀ» ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው። ወደ ግራ የሚያመለክተው 8592፣ ወደ ላይ 8593፣ ወደ ቀኝ 8594፣ ወደ ታች 8595 ነው። በገጹ ኮድ ውስጥ → ብለሽ ስትጽፊ አንባቢው → ያያል። ሥዕል ኔትወርክ ሲደክም አይመጣም፣ ሲያጎሉት ይደበዝዛል፣ ጽሑፉን ኮፒ ላደረገ ሰውም አብሮት አይሄድም።

፪. ከወርድም ቀድተሽ አታምጪ። ሁለት ጭረትና የ«ይበልጣል» ምልክት ስትመቺ ወርድ በራሱ ቀስት ይሠራልሻል። ያ ቀስት ብዙ ጊዜ ዊንግዲንግስ የሚባል ፎንት የለበሰ የላቲን ፊደል ነው። ሌላ ቦታ ስትለጥፊው ልብሱ ይወልቅና አናቷ ላይ ጭረት ያለባት «ኤ» ብቅ ትላለች።

ይህን በሽታ እኛ እናውቀዋለን። መጀመሪያ በኮምፒውተር አማርኛ ስንጽፍ ፓወር ግዕዝም ቪዡዋል ግዕዝም ፊደላችንን ያኖሩት በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር። ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ ማመልከቻ የላቲን ኮተት ሆኖ ይወጣል፤ በአንዱ ፎንት የተጻፈውም በሌላው አይነበብም። ስንት ጸሐፊ አንዱን ደብዳቤ ደግማ እንደተየበችው ቤቱ ይቁጠረው። ከዚህ ጣጣ ያወጣን ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ነው። እነ ፍሥሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ከደከሙበት በኋላ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ፊደላችን ከ4608 ጀምሮ የራሱን ሰፈር አገኘ። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ነው የተሰጠው፤ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624 እያለ ይወርዳል። የአገርሽ የካራቆሬ ስም 4779፣ 4651፣ 4678፣ 4652 ነው። «ከ» 4776፣ «ረ» 4648፣ «ቀ» 4672 መሆናቸውን ልንገርሽና ቀሪውን በጣትሽ ቁጠሪው። ይህን ምክር የጀመርኩባት «፩» እንኳ 4969 ላይ ተቀምጣለች። ፊደሉን እንዲህ ካስከበርን በኋላ ለቀስት ሲሆን ወደ ድሮው ማስመሰል መመለስ ያሳፍራል።

፫. አማርኛውን ግን በቁጥር እንዳትጽፊው። ገጹን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጪ፣ ያንንም ከገጹ አናት ላይ አስታውቂ፣ ከዚያ በቀጥታ ጻፊ። አንድ የግዕዝ ፊደል በቀጥታ ሲጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በቁጥር ሲጻፍ ሰባት። ዳታ በገንዘብ ነው የሚገዛው። ቁጥሩ ኪቦርድሽ ላይ ለሌለው ምልክት ይሁን።

፬. ማብቂያዋን «;» አትዝለያት። ዋጋ መጨመሩን ለማሳየት ↑ ብለሽ፣ ሳትዘጊና ክፍት ቦታ ሳትተዪ ዋጋውን ካስከተልሽ፣ ብራውዘሩ የዋጋውን አሃዞች ከቀስቱ ቁጥር ጋር አብሮ ይውጣቸዋል። ቀስቱም ይጠፋል፣ ዋጋውም ይጠፋል።

፭. በራስሽ ላፕቶፕ ብቻ አይተሽ አትርኪ፤ የሰው ስልክ ላይ ፈትሺው። የመረጥሽው የአማርኛ ፎንት ቀስት ላይኖረው ይችላል። ያኔ ብራውዘሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ቀስቱም ከፊደሉ ቀጥኖ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሚበደርበት ካጣ ደግሞ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ሌላም አለ፦ እንደ 8596 (የሁለት ወገኑ) እና 8599 (ሰያፉ) ያሉት ቀስቶች በአንዳንድ ስልክ ላይ ባለቀለም ኢሞጂ ይሆናሉ። ከኋላቸው ︎ ጨምሪላቸው፤ ራሱ አይታይም፣ ቀስቱን ግን በጽሑፍ መልክ ያስቀረዋል።

፮. የእናንተ ይፋት ኪታብ የሚቀራበት አገር ነው። ነገ ለሼኾቹ የዓረብኛ ገጽ ልትጨምሪ ትችያለሽ። ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ «ቀጣይ» የሚለው ቀስት ወደ ግራ ማመልከት አለበት። ቅንፍን ብራውዘሩ ራሱ ይገለብጠዋል፤ ቀስትን ግን አይነካውም። 8592ን የምታስገቢው አንቺ ነሽ።

፯. ቀስቱ ብቻውን አይናገር። ↑ን አረንጓዴ፣ ↓ን ቀይ አድርገሽዋል። ለማን ብለሽ? ማሾ ሲጨምር የሚደሰተው ገበሬው ነው፤ የሚገዛው ሰው ዓይን ላይ ያ አረንጓዴ ስላቅ ነው። ቀለሙን አንሺውና ከጎኑ «ጨመረ»፣ «ቀነሰ» ብለሽ ጻፊ። ጽሑፉን ስልክ ለሚያነብላቸው ዓይነ ስውራንም ይጠቅማል፤ አንዳንዱ የንባብ ፕሮግራም ቀስትን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ለመንገድ ሲሆን ቀስት ያምራል። «ሸዋ ሮቢት → ሰንበቴ → አጣዬ → ካራቆሬ → ከሚሴ» ብለሽ መደርደርሽን ወድጄዋለሁ፤ ሾፌርም ረዳትም በአንድ እይታ ይረዳዋል። የመልሱን መስመር ግን ረስተሻል። በገጽሽ መሠረት እስካሁን መኪናው ሁሉ ወደ ከሚሴ ሄዶ ቀርቷል።