የወ/ሮ ኪርስቲ ኮሌ ግሮንዳል 24 የፓርላማ ዓመታት

ስለ ኖርዌይ ሴት ፖለቲከኞች ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የግሮ ሐርሌም ብሩንትላንድ ስም ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ስማቸው እኛ ዘንድ ብዙም የማይነሳውን፣ ከ1977 እስከ 2001 የኖርዌይ ፓርላማ (ስቶርቲንግ) አባል የነበሩትን ወ/ሮ ኪርስቲ ኮሌ ግሮንዳልን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወ/ሮ ኪርስቲ በ1943 የተወለዱ ሲሆን ሙያቸው መምህርነት ነው። ፓርላማ የገቡት በሠራተኛ ፓርቲ ዝርዝር፣ ከቡስከሩድ አውራጃ ተመርጠው ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን “ኖርዌይ ሴቶችን ያበዛችው በኮታ ነው” እንላለን። ይሁን እንጂ የሠራተኛ ፓርቲ ከእያንዳንዱ ፆታ ቢያንስ 40 በመቶ የሚለውን ደንብ ያወጣው በ1983 ነው። ወ/ሮ ኪርስቲ ሲመረጡ ደንቡ ገና አልነበረም፤ የዚያን ጊዜ ከስቶርቲንግ አባላት 24 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ደንቡ ከወጣ በኋላ በ1985 ቁጥሩ ወደ 34 በመቶ ከፍ አለ። እንግዲህ ኮታው በሩን አሰፋው እንጂ እርሳቸውን አላስገባም ማለት ነው። በኔ አስተያየት ከኮታው በፊት የረዳው የምርጫው ሥርዓት ነው። በአንድ አውራጃ ብዙ መቀመጫ ስላለ ፓርቲው አንድ ሰው ሳይሆን ዝርዝር ነው የሚያቀርበው፤ ዝርዝር ላይ ደግሞ ወንዱን ሳያስወጡ ሴት መጨመር ይቻላል።

በ1986 ብሩንትላንድ ከ18 አባላቱ 8ቱ ሴቶች የሆኑበትን ካቢኔ ሲያቋቁሙ ወ/ሮ ኪርስቲ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በ1988 ወደ ልማት ትብብር ሚኒስትርነት ተዛውረው እስከ 1989 ቆዩ። ታዲያ እነዚህን ሦስት ዓመታት ከ24ቱ ልንቀንሳቸው ነው? አይደለም። በኖርዌይ አንድ የፓርላማ አባል ሚኒስትር ሲሆን መቀመጫውን አያጣም፤ አብሮት የተመረጠው ተለዋጭ አባል ይቀመጥለታል። ሚኒስትሩ ምክር ቤት ገብቶ መናገር ይችላል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም። ካቢኔው ሲወርድ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ስለዚህ ማሟያ ምርጫ የሚባል ጣጣ የለም። ለረጅም አገልግሎት እንዲህ ያለው ነገር ትልቅ ዋስትና ነው።

በ1993 የስቶርቲንግ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። (“ፕሬዚዳንት” ሲባል ርዕሰ ብሔር እንዳይመስለን፤ አገሩ ንጉሥ አለው፣ ሥራው በኛ አነጋገር አፈ ጉባኤነት ነው።) ስቶርቲንግ ከተመሠረተበት ከ1814 ጀምሮ ሲቆጠር ወንበሩ ሴት እስኪያገኝ 179 ዓመት ፈጀ። ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ካገኙበት ከ1913 ቢቆጠር እንኳ 80 ዓመት ነው።

የአፈ ጉባኤነታቸው ዘመን ቀላል አልነበረም። በ1994 ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ የአውሮፓ ኅብረት አባልነትን አልቀበልም አለ። በመጋቢት 2000 ደግሞ የቦንዴቪክ የአናሳ ፓርቲዎች መንግሥት በጋዝ ኃይል ማመንጫ ጉዳይ በምክር ቤቱ ተሸንፎ ወረደ። ስቶርቲንግ ከዘመኑ በፊት ሊበተን ስለማይችል አዲስ ምርጫ አልተጠራም፤ ስቶልተንበርግ በዚያው ምክር ቤት መንግሥት መሠረቱ። መንግሥት ሲቀያየር ጉባኤውን የሚመራው ሰው ያው ነበር፤ ወንበሩ ከፓርቲ ጩኸት በላይ መታየቱ ያን ጊዜ ነው የሚጠቅመው።

በ2001 ፓርላማውን ለቀው እስከ 2010 የቡስከሩድ አውራጃ ገዥ ሆነው ሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ አራት ወንዶች ተፈራርቀውበት ሁለተኛዋ ሴት አፈ ጉባኤ ቶነ ቪልሄልምሰን ትሮን የተመረጡት በ2018 ነው። በነዚያ 17 ዓመታት የሴት አባላት ድርሻ ከአንድ ሦስተኛ በታች አልወረደም። ግን የአፈ ጉባኤው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እንደ አውራጃው ዝርዝር ሌላ ሰው የሚጨመርበት ቦታ የለውም።