በውስን ገንዘብ የካሜራ ሌንስ መምረጥ፦ ከዋጋው በፊት ርቀቱ ይለካ

የመስቀል በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በንግድ የተሰማሩ የጉራጌ ተወላጆች ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራና ከዚያ ባሻገር ወዳሉት መንደሮች ይጎርፋሉ። የአካባቢው ሙስሊሞችም በዓረፋ እንዲሁ ያደርጋሉ። ከመንገደኞቹ መካከል ካሜራ የሚይዙ አሉ። ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ከሚያነሳው ሌንስ ጋር አብሮ የተገዛ ነው። በዓሉ አልፎ ፎቶው ሲታይ ግን በጀፎረው ላይ በቀን የተነሳው አምሮ፣ ቤት ውስጥ ክትፎ ሲቀርብ የተነሳው ጨልሞ ወይም ደብዝዞ ይገኛል። ባለቤቱም "ካሜራው አይረባም" ብሎ ሌላ ካሜራ ለመግዛት ገበያ ይወጣል።

ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የካሜራው ሳይሆን የሌንሱ ነው። ለትርፍ ጊዜው ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያለውን ገንዘብ በአዲስ ካሜራ ላይ ከሚያፈስ ይልቅ አንድ ተስማሚ ሌንስ ቢጨምር የተሻለ ውጤት ያገኛል። ጥያቄው የትኛውን ነው የሚለው ነው።

የብርሃን ሂሳብ

በሌንስ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንደኛው በሚሊ ሜትር የተገለጸው ሲሆን ሌንሱ ምን ያህል ስፋት እንደሚያይ ያመለክታል። ሁለተኛው የ"ኤፍ" ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ፣ የሚያስገባውም ብርሃን ብዙ ይሆናል።

ከካሜራ ጋር የሚመጣው ሌንስ ወደ 55 ሚሊ ሜትር ሲሳብ የኤፍ ቁጥሩ 5.6 ነው። 50 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነውና ኤፍ 1.8 የሚለው ሌንስ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በመጀመሪያው ሌንስ 1/15 ሰከንድ የሚጠይቀው ፎቶ በሁለተኛው 1/125 ሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል ማለት ነው። በ1/15 ሰከንድ የሚጎርስ ሰው እጅ ይደበዝዛል፤ በ1/125 ግን ጥርት ብሎ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ሰፊ ቀዳዳ የራሱ ዕዳ አለው። በኤፍ 1.8 ጥርት የሚለው ስስ ክፍል ብቻ በመሆኑ፣ ቤተሰብ በሁለት ረድፍ ቆሞ ሲነሳ የፊተኛው ጠርቶ የኋለኛው ሊደበዝዝ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ማጥበብ ያስፈልጋል።

ሦስት ሜትር ላይ ምን ይታያል?

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት "50 ኤፍ 1.8 ርካሽና ጥሩ ነው" የሚለውን ሰምተው ብቻ ሲገዙ ነው። በአነስተኛ ዋጋ በሚሸጡት የካኖንና የኒኮን ካሜራዎች ላይ ምስል ተቀባዩ ክፍል አነስ ያለ በመሆኑ ሌንሱ የሚያየው ስፋት ይጠባል። ፎቶ አንሺው 3 ሜትር ርቆ ቢቆም በ50 ሚሊ ሜትር የሚታየው ወርድ 1.3 ሜትር ገደማ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር 2 ሜትር፣ በ24 ሚሊ ሜትር 2.8 ሜትር፣ በ18 ሚሊ ሜትር ደግሞ 3.7 ሜትር ያህል ይታያል።

ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትር የአያትን ፊት ለማንሳት ይስማማል እንጂ በጠባብ ክፍል ገበታውን የከበቡትን ሁሉ አይዝም። ለዚያ 35 ወይም 24 ይመረጣል። በአዲስ አበባ–ቡታጅራ መንገድ ላይ ለሚገኙት የጢያ ትክል ድንጋዮች ወይም ለሰፊው ጀፎረ በቀን ብርሃን በእጅ ያለው ከ18 እስከ 55 የሚያነሳው ሌንስ ይበቃል፤ ተጨማሪ ወጪ አያስፈልግም።

ምርጫውን ለማወቅ ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም። ያለውን ሌንስ አንድ ቀን በ35፣ ሌላ ቀን በ50 ላይ አቁሞ ሳይነኩት በቤት ውስጥ ማንሳት ነው። የትኛው ላይ ግድግዳው "ወደ ኋላ መሄጃ" እንደሚያሳጣ ያኔ ይታወቃል። መጥኖ መደቆስ የሚባለው ይኸው ነው።

ሌንስ እንደ ንብረት

የካኖን 50 ኤፍ 1.8 አዲሱ ዓይነት በ2015 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 130 ዶላር ገደማ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 58 ብር ገደማ ሲሆን፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። በዚህ ስሌት ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ 7,500 ብር የነበረው ሌንስ ከ13,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ምርጫውን ቢሳሳት ኪሳራው ከቀድሞው የከበደ ነው።

ጥሩው ነገር ሌንስ እንደ ካሜራ ቶሎ አያረጅም። የካኖን "ኢኤፍ" መግጠሚያ ከ1987 እ.ኤ.አ.፣ የኒኮን "ኤፍ" መግጠሚያ ደግሞ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆዩ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጧቸው አዳዲስ ካሜራዎችም በአገናኝ ቀለበት አማካይነት እነዚህን ሌንሶች ይቀበላሉ። በመሆኑም ትክክለኛው ወጪ የመግዣ ዋጋው ሳይሆን በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለምሳሌ በ20,000 ብር ተገዝቶ በ15,000 ብር የሚሸጥ ሌንስ ወጪው 5,000 ብር ነው። የቀን ኪራዩ 1,000 ብር ቢሆን ከ5 ቀን በላይ ለሚጠቀምበት ሰው መግዛት ያዋጣል። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለሚፈለግ ትልቅ ሌንስ ግን ኪራይ ይሻላል።

ከሩቅ ሲገዛ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቡታጅራም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በደላላ ስልክ ተስማምቶ በመኪና የተላከ ሌንስ ጉድለት ቢገኝበት መመለሱ ሌላ ወጪ ነው። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቀጥሎ የተመለከቱትን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

አንደኛ፣ የእጅ ባትሪ በሌንሱ ውስጥ አሳልፎ ማየት። እንደ ሸረሪት ድር የሚታይ ነገር ሻጋታ ነው፤ አይገዛም። ጥቂት አቧራ ግን ፎቶውን አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳውን የሚያጠቡት ስስ ብረቶች ዘይት የነካቸው አለመሆናቸውን ማየት።

ሦስተኛ፣ በገዛ ካሜራ ላይ ገጥሞ ፎከሱን መሞከር። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው፣ ሞተር የሌለው የቆየ የኒኮን ሌንስ በእነሱ ላይ በራሱ አያጠራም።

አራተኛ፣ መግጠሚያውን መጠየቅ። ከ1987 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት "ኤፍዲ" የሚባሉ የካኖን ሌንሶች የካኖን ስም ቢኖራቸውም በዛሬዎቹ የካኖን ካሜራዎች ላይ በቀጥታ አይገጥሙም። ዋጋቸው ዝቅ ብሎ ሲገኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሻጩ እነዚህን ለማስሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቢመለስ የሚያጣው የትራንስፖርት ዋጋ ብቻ ነው።