ስለ አሮጌ ላንድሮቨር ካምቢዮ፦ ማደስ ወይስ መለወጥ?



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምትና በጊምቢ አድርጎ አሶሳ የሚደርሰው መንገድ ከ650 ኪሎሜትር ይበልጣል። ይህን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ በዚያ አገር መኪና የቅንጦት ዕቃ አለመሆኑን ያውቃል። በክረምቱ ወራት ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ገጠሩ የሚገቡት መንገዶች ሲጨቀዩ፣ አራቱም ጎማው የሚስብ መኪና ከሌለ በሽተኛ በቃሬዛ ይሄዳል፤ እህልም በአህያ ጀርባ ይቀራል። ስለዚህ የአንድ አሮጌ መኪና ካምቢዮ መሰበር የባለቤቱ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የመንደሩም ጉዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ ካምቢዮው እንዴት እንደሚመረመር፣ መቼ እንደሚታደስ፣ መቼም በሌላ እንደሚለወጥ በአጭሩ እንመለከታለን።

ለምሳሌ የመረጥነው ላንድሮቨርን ነው። ይህ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ከተማ ነበር። ሁለተኛው ዓይነት በ1958፣ ሁለት-ኤ የሚባለው በ1961፣ ሦስተኛው በ1971 ወጣ፤ የሦስተኛውም ሥራ በ1985 አበቃ። እንግዲህ ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው እንኳ 40 ዓመት ያህል ሆኖታል።

አስቀድመን ስለ ቋንቋው አንድ ነገር እንበል። በጋራዦቻችን የሚነገረው ቃል አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ፣ ዳዶ፣ ፍሬን አማኖ እንላለን። እኛም በዚሁ ቃል እንጽፋለን፤ መካኒኩ የማይገባው ትምህርት ለመኪናው አይጠቅምምና።

የላንድሮቨር ካምቢዮ በእውነቱ ሁለት ነው። ከሞተሩ ኋላ ያለው ዋናው ካምቢዮ አራት የፊትና አንድ የኋላ ማርሽ አለው። ከእርሱ ኋላ የተያያዘው ትንሹ ካምቢዮ ደግሞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ያከፋፍላል። ቢጫው ዘንግ ወደ ታች ሲጫን የፊት ጎማዎችም መሳብ ይጀምራሉ። ቀዩ ወደ ኋላ ሲሳብ ሾፌሮች ሪዶታ የሚሉት ይገባል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጨምራል።

አሁን ወደ ምርመራው እንለፍ። ካምቢዮ ከመፍታት በፊት ጆሮና ዓይን ይሥሩ።

አንደኛ፤ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹም ባዶ ሆኖ ድምፅ ካለና ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ፣ የተበላው የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ወይም የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ሁለተኛ፤ በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ ጮኾ በ4ኛ ዝም የሚል ካምቢዮ ሕመሙ ከታችኛው ዘንግ ነው። ምክንያቱም በ4ኛ ማርሽ ኃይሉ በቀጥታ ያልፋል እንጂ በታችኛው ዘንግ በኩል አይዞርም።

ሦስተኛ፤ ማርሽ እየዘለለ ከወጣ፣ ጥርሱን ከመክሰስ በፊት የማርሽ መያዣዎቹን ትንንሽ ሞላዎችና ካምቢዮው የተቀመጠባቸውን ጎማዎች መመልከት ነው። እነዚህ ርካሽ ናቸው።

አራተኛ፤ እስከ ሁለት-ኤ ባሉት መኪኖች ሲንክሮናይዘር ያላቸው 3ኛና 4ኛ ማርሽ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወደ 2ኛ ሲወርዱ መንጫጨቱ የመኪናው ሳይሆን የሾፌሩ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥ ነው።

ዘይቱም ይመስክር። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል። ቢጫ ብናኝ የነሐስ ቡሽ ወይም የሲንክሮናይዘር ቀለበት መበላቱን ያሳያል። የብረት ስባሪ ግን የጥርስ ነውና መኪናው ከዚያ ወዲያ መነዳት የለበትም። የዋናው ዘይት እየጎደለ የትንሹ ከሞላ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ፓራኦሊዮ አልቋል።

ኩሽኔታ፣ ቡሽና ፓራኦሊዮ ብቻ ከተበሉ ማደስ ይሻላል። ቤቱ ከተሰነጠቀ ወይም ብዙ ጥርስ ከተሰበረ ግን ከሌላ ላንድሮቨር የወጣ ደኅና ካምቢዮ መግጠም ጊዜም ገንዘብም ያድናል። የሦስተኛው ዓይነት ካምቢዮ አራቱም የፊት ማርሾች ሲንክሮናይዘር ስላላቸው በሁለት-ኤ ላይ ለመግጠም ይፈለጋል። ሆኖም ፍሪሲዮን የሚያስለቅቀው መሣሪያ የተለየ ነውና አብሮ ካልተገዛ ሥራው በመካከል ይቆማል።

በሚፈታበት ጊዜ ከሁሉ በፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። በዚህ መኪና ፍሬን አማኖው የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትንሹ ካምቢዮ ኋላ ያለውን ከበሮ ነው፤ የኋላው ትራንስሚሲዮን ከተፈታ ፍሬኑ ምንም አይዝም። ይህን ያላወቀ ሰው ከመኪናው በታች ተኝቶ ሕይወቱን ያጣል።

ካምቢዮው የሚወጣው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ በመኪናው ውስጥ ነው። መቀመጫው ከነሣጥኑ፣ የወለሉ ቆርቆሮና የመካከሉ ክዳን ይነሣሉ። ሁለቱ ትራንስሚሲዮኖች፣ የፍሬን አማኖው ማያያዣ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ሽቦና የፍሪሲዮኑ መስመር ይፈታሉ። የሞተሩ ኋላ በክሪክ ይደገፍና ዳዶዎቹ ይወጣሉ። ሁለቱ ካምቢዮዎች በአንድነት ለሁለት ሰው ጉልበት ከባድ ስለሆኑ ሰንሰለት ያለው ማንሻ ያስፈልጋል። በአሶሳ አካባቢ ቀርከሃ ሞልቷል፤ ነገር ግን ለቤትና ለአጥር እንጂ ለዚህ ሸክም አይታመንም። ሦስት ወፍራም ግንዶች ተጣምረው ይተከሉ።

በሚመለስበት ጊዜ የፍሪሲዮኑ ሳህን በአሮጌ የመግቢያ ዘንግ ወይም በተቀረጸ እንጨት መካከሉን ይያዝ። ካምቢዮው አልገባም ሲል በዳዶ ኃይል መሳብ ሳህኑን ያበላሻል። ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ዘንግ በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ይበቃል። ለዋናው 1.5 ሊትር፣ ለትንሹ 2.5 ሊትር ያህል ባለ 90 የማርሽ ዘይት ይጨመራል።

በመጨረሻም፤ ወንዝ ከመሻገር በፊት በፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ያለችው ቀዳዳ በቡሎኗ ትዘጋ፤ ከተሻገሩ በኋላ ትከፈት።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በአገራችን ብረት የሚነካ እጅ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው “ቀጥቃጭ” እያልን ከማኅበር አራቅነው። ዛሬ አሶሳ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ነገር ግን ዲግሪ የያዘ ሰው እጁ ዘይት እንዳይነካው ከፈራ፣ ያ ንቀት ስሙን ለውጦ አብሮን ተምሯል ማለት ነው። ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ጥቂት ቀን በጋራዥ ውለን እንጠይቅ፣ እናግዝ፣ ያየነውንም በአማርኛ እንጻፍ። መካኒኩ የሚያውቀውን እኛ አናውቅም፤ እኛ ከመጽሐፍ ያገኘነውም ለእርሱ አልደረሰውም። ሁለቱ ሲገናኙ መኪናው ይነሣል፣ በሽተኛውም ከሐኪም ይደርሳል።